የሚናገረው ምርኩዝ

ከበሩ ኋላ የጋለ ላስቲክ ሽታ ይመጣል። ቻርጅ ላይ የተሰካው ምርኩዜ ነው። ተማሪዎች ሠርተው፣ እዚህ እስራኤል፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ የሚባለው ሰፈሬ ድረስ አምጥተው፣ ከኔ ጋር ፎቶ ተነስተውበት የሄዱት ጉድ! ሲለኩኝ ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ለተቀመጠ ሰው ምርኩዝ ምን ያደርግለታል? ከመካከላቸው አንዷ፣ እዚሁ የተወለደች የአገሬ ሰው ልጅ፣ «አባባ፣ ሀኮል በሴደር፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ታያለህ» አለችኝ። አንቱ ማለትን ማን ያስተምራት! በየት እንደምሄድ ግን አንዳቸውም አልጠየቁኝም።

አሁን ፍሪጁ ጋ ስደርስ «ተጠንቀቅ፣ ደረጃ!» እያለ በዕብራይስጥ ይጮህብኛል፤ እውነተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ዝም። የኔ ጭንቀት ደግሞ ደረጃው ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ልጄም «አባባ፣ ብቻዎን መውረድ ካልቻሉ ቤት አቮት ነው የሚገቡት» ብላኛለች፤ ሽማግሌ የሚከማችበት ቤት ማለቷ ነው።

አባቴ እንዲህ ያለ ቀልድ አያውቅም ነበር። ጎንደር፣ ወገራ ውስጥ አንጥረኛ ነበር፤ ይኼ ላስቲክ በሸተተኝ ቁጥር የሚናፍቀኝ የዚያ ጎጆ ሽታ ነው፤ ከሰሉ፣ የወናፉ ቆዳ፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚንጫጫው ብረት። አያ ተገኘ የሚባል አንድ እግሩ የሰለለ ጎረቤት ነበረን። አባቴ ምርኩዝ ሊሠራለት ሲነሳ እንጨት አልቆረጠም፤ መጀመሪያ ከወንዙ እስከ ዳገቱ ራስ እግር በእግር ተከተለው፤ የት ላይ እንደሚያቃስት፣ የት ላይ ቆሞ እንደሚያርፍ አየ። «ሲሄድ ላላየሁት ሰው ምርኩዝ አልሠራም» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወይራውን አለስልሶ ጫፉን ብረት ያለበሰው። አያ ተገኘም ክብደቱን ሁሉ በአባቴ ሥራ ላይ ጥሎ እየሄደ፣ ከቤታችን ግን ውሃ አይቀምስም፤ ቤተ እስራኤል ሆነን ቤተ ክርስቲያን ብንስምም ጠይብ ከመባል አልዳንንማ። «ያ ጠይብ መቼም እጁን ይባርከው» ይላል፤ ምስጋናው ይኸው ነበር! አያ ተገኘን ዕድሜዬን ሙሉ ስንቀው ኖርሁ።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ተማሪ ምርኩዙ እንዴት እንደሆነ ልትጠይቅ መጣች። ያጠራቀምሁትን ሁሉ አወረድሁባት፤ ስለ ፍሪጁም፣ ስለ ወንበሩም። አልተቆጣችም።

«እሺ አባባ፣ አንተ ብትሆን እንዴት ትሠራው ነበር?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው።

የት ተምሬ! አባቴ «ና እንጨቱን ያዝልኝ» ሲለኝ፣ የሰፈር ልጆች ከሰል ነክቶኝ እንዳያዩኝ ወደ ወንዝ እሮጥ ነበር። ከአያ ተገኘ በምን ተሻልሁ? እሱ እንኳ የአባቴን ምርኩዝ ወስዷል።

አሁን በመጥረጊያ እንጨት እየተመረኮዝሁ እወርዳለሁ። ሁለት ጣት ይረዝማል፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትከሻዬ ይዝልና፣ ልጄ ሳታየኝ ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ። ሁለት ጣት ብቻ ማሳጠር፣ ጫፉንም ብረት ማልበስ ነበር። የአንጥረኛ ልጅ ነኝ፤ አላውቅበትም።