የበርሜሉ ጠርዝና ካላማዳሪው

ማንግ ዴልፊን ፊልም ውስጥ የገቡት በበርሜላቸው ምክንያት ነው። እኛ ሰፈር፣ ማላቦን፣ ውሃ የሚመጣው ማለዳ ብቻ ስለሆነ በየደጃፉ በርሜል አለ፤ የብዙው ሰው ግን ፕላስቲክ ነው። የእሳቸው የቆርቆሮ ነበር፣ የድሮ፣ ሰማያዊ ቀለሙ እየተላጠ ዝገቱ የሚታይ። አይሪን የምትባል ወጣት ዳይሬክተር በመንገዳችን ስታልፍ በርሜሉን አይታ ቆመች። ቀና ስትል ደግሞ ባለቤቱን አየች። ጎኑ ላይ የተሳፋሪ ወንበር የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ሠላሳ ዓመት የነዱ፣ ፀሐይ የጠበሳቸው፣ ሲስቁ እንኳን ግንባራቸው የማይፈታ ሰው ናቸው።

«ማንግ፣ አባት ይሆኑልኛል?» አለቻቸው፤ ማንግ እኛ ጋ ለታላቅ ወንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

«የማን አባት?» አሉ።

እኔ ግድግዳ የምጋራቸው ጎረቤታቸው ነኝ። ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነው። ለፊልሙም የወሰዱኝ የተዋናዩን ሸሚዝ እንዳደርቅ ነው። ስለ ማንግ ዴልፊን ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ግን ሁለቱንም ጊዜ እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ። የበፊቱንም፣ የፊልሙንም።

ፊልሙ የሚያስቅ የፍቅር ፊልም ነው። አንድ ወጣት አለ፤ ልቡ ወደ ወንድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ባክላ፣ ሴታሴት፣ ይለዋል፣ እሱ ግን ገና ለራሱም አልነገረውም። አባትየው ላድነው ብሎ ይነሳል። ቅርጫት ኳስ ያስገባዋል፤ ዳኛው መልከ መልካም ልጅ ይሆናል። ዶሮ ማዋጊያ ይወስደዋል፤ ዶሮውን ታቅፎ የቆመው ያው ልጅ ነው። መድኃኒተኛ ጋ ይወስደዋል፤ የመድኃኒተኛው ልጅ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ልጅ። አባት በለፋ ቁጥር ሁለቱ ይበልጥ ይቀራረባሉ። መጨረሻ ላይ አባትየው ተስፋ ቆርጦ የልጁን ጭንቅላት በርሜል ውስጥ ይደፍቃል። ልጁም ከውሃው በወጣ ቁጥር አምሮ ይወጣል። መጀመሪያ ከንፈሩ ቀልቶ፣ ቀጥሎ ጉትቻ አድርጎ፣ ሦስተኛው ላይ በሚያብለጨልጭ ሸሚዝ፣ አራተኛው ላይ ዘውድ ደፍቶ።

አይሪን ይህን ስትነግረን ሁላችንም ሳቅን። ማንግ ዴልፊን አልሳቁም።

እንዳይገርማችሁ። በርሜል ውስጥ መድፈቅ ከፊልሙ የመጣ ነገር አይደለም። እዚህ አባቶች ወንድ ልጃቸው እንደ ሴት ሲሆንባቸው ያደርጉታል። ስንት ጊዜ እንደደፈቁ መጠጥ ቤት ቁጭ ብለው እየሳቁ ያወሩታል። ማንግ ዴልፊን ልጃቸውን አርኔልን የደፈቁት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው፣ ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። በዚያው በርሜል። እኔ በግድግዳው ማዶ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፤ የልጁን ድምፅ ሰማሁ። አልሄድኩም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ካልጻፍኩት ግን ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ሦስተኛው ላይ የበርሜሉ ጠርዝ አገጩን ቀደደው። አርኔል አገጩን በፎጣ ይዞ ወጣና አጎራባቻችን ናቮታስ፣ አክስቱ ቤት ገባ። በሞተር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግን ዘጠኝ ዓመት አልተመለሰም። የእናቱ ቀብር ላይ እንኳን ከአባቱ ርቆ ማዶ ነበር የቆመው።

በቀረጻው ቀን ምሳ ላይ ሩዝና አዶቦ የሚባለውን የሥጋ ወጥ ሰጡን። ማንግ ዴልፊን አልበሉም።

«እንዴት እሺ አሉ?» አልኳቸው።

«አርኔል ፊልም ይወዳል» አሉ። «ሲኒማ ከወጣ ሄዶ ያየዋል። እኔ ሞኝ ስሆን፣ ሰው ሲስቅብኝ ያያል። ያኔ ይገባዋል።»

«ሄደው ቢነግሩትስ?»

«ምን ብዬ፣ ሳሊንግ?» አሉኝ።

ሳህኔን አንስቼ ወደ ሸሚዜ ሥራ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጀመርን። የሚያዝያ ሙቀት ነው፣ ወበቁ ለብቻው ይገድላል። እኔ በር ሥር ተቀምጫለሁ፤ በአንድ እጄ ፀጉር ማድረቂያ፣ በሌላው ካውያ። ልጁን የሚጫወተው ሚጎ የሚባል ተዋናይ በደፈቁት ቁጥር ሸሚዙን አውልቆ ይወረውርልኛል፣ እኔ አድርቄ እመልስለታለሁ። ካውያውና ማድረቂያው አንድ ላይ ሲሰኩ ደግሞ የቤቱ መብራት ድርግም ይላል።

መጀመሪያ ሲቀረጽ ማንግ ዴልፊን የልጁን ማጅራት ያዙ፣ ዝቅ አደረጉትና ውሃው ሳይነካው መለሱት።

«ማንግ፣ ውሃው ውስጥ» አለች አይሪን።

ሁለተኛው ላይ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ግን ሌላኛው እጃቸው ከልጁ አገጭ ሥር ነበር። ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው። ሦስተኛውም እንደዚያው።

«ማንግ ዴልፊን» አለ ሚጎ ውሃውን ከፊቱ እየጠረገ፣ «ሻምፑም ይጨምሩልኝ እንጂ። ፀጉር ቤት የመጣሁ መሰለኝ።»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ላብ በላብ ሆኑ።

«እጅዎን ያውርዱት» አለች አይሪን። «ያ እጅ ሁሉንም ያበላሽብኛል። የተቆጣ አባት ነዎት።»

«እሺ ዲሬክ» አሉ፣ ዳይሬክተር ለማለት።

እሺ ይላሉ፣ እጃቸው ግን ተመልሶ እዚያው ይሄዳል። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሚጎ ጆሮው ውሃ ገባበት። የሚያብለጨልጨው ሸሚዝ ፈርጡ እየረገፈ እጄ ላይ ተለጠፈ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ፀሐዩ እየሄደ ነው እያለ ይነጫነጫል። አይሪን የሶዳ ሳጥን ላይ ተቀመጠችና ራሷን ያዘች።

«ሌላ ሰው እንፈልግ?» አላት አንዱ፣ ማንግ ዴልፊን እየሰሙ።

እሳቸው ወደ ሞተራቸው ሄዱ። ተናደው የሄዱ መስሎን ነበር። የወንበሩን ሥር ከፈቱ፣ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ አወጡ፣ በቢላ በቁመቱ ሰነጠቁትና መጥተው በበርሜሉ ጠርዝ ዙሪያ ያለብሱት ጀመር።

ዕቃ የሚያሰናዳው ቦንግ የሚባል ልጅ ነው። «ይሄ ምንድን ነው ማንግ?» አለ።

«ጠርዙ ይቆርጣል።»

«ካሜራ ውስጥ ይታያል እኮ። ያስጠላል።» አወጣው።

ማንግ ዴልፊን መልሰው አለበሱት። ቦንግ መልሶ አወጣው። በሦስተኛው ማንግ ዴልፊን ጎማውን ከእጁ መነጨቁ።

«ይሄን በርሜል ማን ነው የሚያውቀው፣ አንተ ነህ እኔ?»

አይሪን ከሳጥኑ ተነሳች። ድምፅዋ ዝሏል። «ማንግ፣ እስቲ ይንገሩኝ። ልጁን በርሜል ውስጥ የሚደፍቅ አባት ስለ ልጁ አገጭ ይጨነቃል?»

«አይጨነቅም» አሉ። ጎማውን እያለበሱ ነበር፣ ቀና አላሉም። «እኔም አልተጨነቅኩም ነበር።»

ያን ቀን እዚያ ግቢ ከሰፈር የመጣነው እናውቅ ነበር፤ ከውጪ የመጡት ደግሞ ያኔ አወቁ። ሚጎ እርጥብ ሸሚዙን እንደያዘ ቆመ፣ አልወረወረልኝም። የማድረቂያው ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ማጥፋቱን ረስቼው።

አይሪን ለካሜራው ሰውዬ «ይሄን ቅረጽ» አለችው። «ጎማውን ሲያስሩም ቅረጽ። እጃቸውም እዚያው ይሁን፣ እንደፈለጉ።»

በፊልሙ ላይ ያለው ይሄ ነው። አባትየው ልጁን ሊደፍቅ ሲል ቆም ይላል፣ ጠርዙን በጣቱ ይነካል፣ ካላማዳሪ ሄዶ ያመጣል፣ በትዕግሥት ያስራል፣ በገዛ አገጩ ይሞክረዋል፣ ከዚያ ተቆጥቶ ልጁን ይደፍቃል፣ በሌላ እጁ አገጩን ይዞ። ልጁም ዘውድ ደፍቶ ይወጣል። የተቀረጸው በአንድ ጊዜ ነው። የሳቀው ሰው ድምፁ ፊልሙ ውስጥ እንዳይገባ አፉን ይዞ ነበር የሳቀው።

ማንግ ዴልፊን ያልጠየቁበት ጊዜ የለም። «ሲኒማ መቼ ነው?» በሳምንቱ። «ዲሬክ፣ መቼ ነው?» በወሩ። የፊልሙ ባለቤት መጨረሻው ላይ ልጁ ሴት ያግባ ብሎ ኖሮ፣ እንደ ድሮዎቹ አስቂኝ ፊልሞች፤ አይሪን አይሆንም ብላ ሲከራከሩ ዓመት ሊሞላ ሆነ። እሳቸው ይህ ሁሉ አይገባቸውም። አንድ ቀን ሞተራቸውን እየወለወሉ «ለአንድ ልጅ ነው የሠራሁት፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን አገባው?» አሉኝ።

በመጨረሻ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ያለ ትንሽ ሲኒማ ወሰደው። ለአራት ቀን። ማንግ ዴልፊን ሁለት ትኬት ቆረጡና አንዱን ናቮታስ አክስቲቱ ጋ አደረሱ።

«ሰጠችው?» አልኳቸው።

«እሰጠዋለሁ ብላለች።»

በመጀመሪያው ቀን አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እኔ በሌላኛው ጎን ነበርኩ። በርሜሉ ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከፊታችን የነበሩ ሁለት ልጃገረዶች ተያይዘው ተንፈራፈሩ። ማንግ ዴልፊን የሚያዩት ግን በሩን ነው። በሁለተኛውም ቀን ትኬት አደረሱ። በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን ሰባት ሰው ነበርን። ስንወጣ ሠራተኛው የፊልሙን ምስል አውርዶ የመናፍስት ፊልም ይለጥፍ ነበር።

«ለአንድ ሳምንት እንኳን አይተዉትም?» አሉት።

«እኔ የምለጥፈው የታዘዝኩትን ነው አባት።»

ቤት ስንደርስ ማንግ ዴልፊን በርሜሉን በእግራቸው መቱት። ውሃ ሞልቶ ስለነበር አልተነቃነቀም፣ እግራቸው ነው ያመማቸው።

አርኔል የመጣው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ እንደዚያኛው ቀን። አሁን ሃያ አምስት ሊሞላው ነው፣ ገበያው ውስጥ ስልክ ይጠግናል። አገጩ ላይ ያለውን ጠባሳ ጢም ሸፍኖታል፣ ግን ያለበትን የሚያውቅ ያየዋል። በሩ ላይ ቆመ። ማንግ ዴልፊን ሊነሱ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ደንበኛ ያመጣው ስልክ ላይ ነበር» አለ አርኔል። «ስጠግነው አየሁት።»

«ፊልሙን?»

«ፊልሙን።»

«እህ... እንዴት ነው?»

«ያስቃል» አለ። «ሳቅኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ሰው ሁሉ እንዲስቅበት ለሕዝብ ነገሩት። ለኔ ግን አንድ ቀን እንኳን መጥተው አልነገሩኝም።»

«ትኬት ልኬ ነበር።»

«ትኬት ምን ያደርግልኛል ታታይ?» አባዬ ማለቱ ነው።

ማንግ ዴልፊን ለፊልሙ ሁለት ገጽ ንግግር በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። ከግድግዳው ማዶ ሆኜ በሉ፣ ተናገሩ እያልኩ እጄ ውስጥ ያለውን ሸሚዝ እየጠመዘዝኩ ነበር፤ የሰው ሸሚዝ ነው፣ አንገቱን አጣመምኩት።

አርኔል ወደ በርሜሉ ሄደ። ካላማዳሪው አሁንም ጠርዙ ላይ ነበር። ነካው።

«በርሜሉን ዘጠኝ ዓመት ለምን አልጣሉትም?»

«ውሃ የምናጠራቅምበት ሌላ አልነበረንም።»

አርኔል ሳቀ፣ የደስታ ሳቅ አይደለም። «ጎማ ከማሰር መጣል አይቀልም ነበር?»

«ይቀል ነበር» አሉ ማንግ ዴልፊን። «ይቀል ነበር ልጄ። አጠፋሁ። አገጭህን... ሁሉንም አጠፋሁ። መምጣት ነበረብኝ። ፈራሁ።»

አርኔል ጎማውን ከጠርዙ አውጥቶ ጠቀለለውና በርሜሉ ላይ አስቀመጠው።

«እሑድ ምሳ ልመጣ እችላለሁ» አለ። «ይሄ በርሜል እዚህ ካለ ግን አልገባም።»

ሄደ። ማንግ ዴልፊን እኔ ያለሁበትን ያውቁ ነበርና «ሳሊንግ፣ የተረፈሽ ባልዲ አለ?» አሉኝ በግድግዳው በኩል።

ሁለት ትልልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሰጠኋቸው። ውሃውን ገለበጥን። ያን ያህል ዓመት ሞልቶ የቆመ በርሜል ባዶውን ሲሆን በሁለት ሰው ይነሳል። ቆራሌው ወዲያው ሊወስደው አልፈለገም፣ ዝጓል ብሎ ተከራከረን፤ በመጨረሻ ይዞት ሄደ። በቆመበት ሲሚንቶው ላይ ክብ የዝገት ቀለበት ቀረ። ማንግ ዴልፊን በድስት መፈተጊያ ሽቦ ፈተጉት፣ አልለቀቀም። እስከ ማታ ፈተጉት።

እሑድ ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት ሆነ። የሠራንለት ፓንሲት፣ የሩዝ ፓስታው፣ ሁለቴ ሞቀ። ማንግ ዴልፊን በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። «አይመጣም» አሉኝ። «እኔ ብሆን አልመጣም።»

ከሰባት ተኩል በኋላ መጣ። ግቢውን ዞር ብሎ አየ። ቀለበቱን አየ። አባቱ «አልለቀቀም፣ ሞክሬ ነበር» አሉት። አርኔል ከግድግዳው ሥር ወንበር ጎተተና ቀለበቱ መሐል አስቀምጦ ተቀመጠበት።

«ርቦኛል» አለ። «ምንድን ነው የሠራችሁት?»