ቡሬ የላሰችኝ ቅዳሜ

ቅዳሜ ንጋት፣ ለገሃር

ገና ሳይነጋ ጣቢያው ደርሻለሁ። ብርዱ ለጉድ ነው። በአንድ ትከሻዬ ካሜራዬን፣ በሌላው ዳቦና ፊልም የያዘች ቦርሳዬን አንጠልጥያለሁ። ትኬት ቆራጩ ረጅሙን ሌንስ በጥርጣሬ አየውና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አቃቂ ወርጄ ወፍ ፎቶ ላነሳ ነው ስለው፣ ወፉ የሚበላ መሆኑን ጠየቀኝ። አይበላም አልኩት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሌላ ሳይጨምር ትኬቴን ቆረጠ።

ሦስተኛ ማዕረግ ሰውና ሽንኩርት እኩል ተጭኗል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለት ዶሮዎች በጉልበቱ ታቅፎ ያንኮራፋል፤ ዶሮዎቹ ግን ነቅተው እኔን ያያሉ። ሳሪስን ስናልፍ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ መነሳት ጀመረ። አንድ ፋብሪካ ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ራሰ በራ፣ ኮታቸው የሰፋቸው ሽማግሌዎች ይመስላሉ። በመስኮት ልይዛቸው ስል ባቡሩ ነቀነቀኝና ያነሳሁት የዶሮዎቹን ባለቤት ጆሮ ሆነ።

ቅዳሜ ረፋድ፣ አቃቂ

ከጣቢያው ወርጄ በሞቀ ሻይ ዳቦዬን በላሁ። ከዚያ ሀዲዱን ይዤ ወደ ረግረጉ አቀናሁ። የመጣሁት ለሳቢሳ ነው፤ ከብት ተከትላ ለምትውለው፣ ነጭ፣ ቀጭን ወፍ። ሰው ሁሉ ስለሚያውቃት ማንም አያያትም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያሉትን እወዳለሁ። አንበሳን ማንም ያነሳል።

ብዙም ሳልሄድ አገኘኋት። አንዲት ቡሬ ላም መስኩ ላይ ቆማ ጥጃዋን ትልሳለች። ሳቢሳዋ ጥጃው ጀርባ ላይ ጉብ ብላለች። የጧት ፀሐይ ከኋላቸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዓመት አንዴ አይገኝም! ሣሩ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ማንሳት ጀመርኩ። ላሟ አንገቱን ትልሳለች፣ ጆሮውን ትልሳለች። ሳቢሳዋ ትዞራለች፣ ላባዋን ታበጥራለች። የጎደለኝ ጥጃው ጭራውን ሲወዘውዝ ማንሳት ብቻ ነው። ጠበቅሁ። ዝንቦች ዓይኑ ላይ ሰፈሩ፤ አላባረራቸውም። እንዲህ ያለ ጨዋ ጥጃ አይቼ አላውቅም ብዬ ገረመኝ።

በዚህ መሀል ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ከወደ ቤቶቹ መጡ። ሳቢሳዋ በረረች። ሴትየዋ ጥጃውን አንገቱን ጨብጠው፣ እንደ ጃንጥላ ብብታቸው ስር ሸጎጡትና ሄዱ። አራቱ እግሮቹ ወደ ጎን ቀጥ ብለው ቀሩ። ላሟ ከኋላ ከኋላቸው ተከተለች።

ክው ብዬ ቀረሁ። ካሜራው ከእጄ ሣሩ ላይ ወደቀ። ከሣሩ መሀል ብድግ ስል ደግሞ በተራቸው እሳቸው ደነገጡና በስመ አብ ብለው አማተቡ።

እማማ ጫልቱ ይባላሉ። ከተማው ሳይመጣ እዚያው መሬት ላይ ያርስ ከነበረ ቤተሰብ ናቸው። ስንረጋጋ ጥጃውን አስነኩኝ። ቆዳ ነው፤ ውስጡ ጭድ፣ እግሩ እንጨት። እውነተኛውን ጥጃ ከወር በፊት ሀዲድ ሲሻገር ባቡር ገጭቶታል። ላሟ ጥጃዋን ካላሸተተችና ካልላሰች ወተት አትለቅም። ስለዚህ ቆዳውን ገፈው፣ አድርቀው፣ ጭድ ሞሉት። ጨው ይቀቡታል፤ እሷ ስትልስ እሳቸው ያልባሉ። እኔም በባቡር እንደመጣሁ ለመናገር አፈርኩ።

ወተቱ ለገበያ አይደለም። ቤት ውስጥ የአራት ወር ሕፃን አለች፤ የልጃቸው ልጅ። እናቷ በታይፎይድ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ሕፃኗ የቡሬን ወተት በውኃ እየቀጠነላት ትጠጣለች፤ ሌላ ወተት ያስመልሳታል።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ

ሻይ ጋብዘውኝ ቤት ውስጥ ተቀምጠናል። ጭድ የተሞላው ጥጃ እንዳይሸት ጓሮ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ድንገት ከላይ የክንፍ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ።

ጥንብ አንሳዎች ናቸው። ጥጃውን ጥለው ከበውታል። አንዱ ሆዱን ቀዶ አንገቱን ሙሉ ከትቷል፤ ሲያወጣው ምንቃሩ ጭድ ይዟል። ጭዱን ጥሎ እንደገና ገባ። ሌላው ጆሮውን ይጎትታል። ዕድሜዬን ሙሉ ጥንብ አንሳ ግራ ሲገባው አይቼ አላውቅም። ሁለቴ እንዳነሳሁ እማማ ጫልቱ ዱላ ይዘው በጎኔ አለፉ። እኔም ካሜራውን ትቼ ድንጋይ አነሳሁ።

ስናባርራቸው የቀረው የጀርባው ቆዳ ቁራጭ ነው። ሌላው ብጥስጥስ ብሏል። እማማ ጫልቱ ጭዱ መሀል ቁጭ አሉ። አላለቀሱም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

የማለቢያው ሰዓት ደረሰ። ቡሬ ወዲያ ወዲህ አሸተተች፣ አምቧ አለች፣ ጡቷን ሲነኩት ረገጠች። አንዲት ጠብታ አልወጣም። ቤት ውስጥ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። እማማ ጫልቱ ቁራጩን ቆዳ አነሱ፣ ጨው አሹበት፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ተንበርከክ።"

"እኔ?"

"እኔማ ላልብ ነው። በእጅህም ቁም፤ እንደ ጥጃ።"

በአራት እግሬ ቆምኩ። ቆዳውን ጀርባዬ ላይ ጣሉብኝ። የቡሬ ትንፋሽ መጀመሪያ ማጅራቴ ላይ ደረሰ፤ ሙቅ፣ ሣር ሣር የሚል። ከዚያ ምላሷ መጣ። ሞረድ ነው! ቆዳውን ላሰች፣ ሸሚዜን ላሰች፣ ጆሮዬን ላሰች። ከእንስሳ ጋር የኖርኩት ሁልጊዜ በሌንስ ርቀት ነው። እንዲህ ቀርቦኝ የነካኝ አልነበረም። ፈራሁ፣ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከኋላ ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ጭርር ሲል ሰማሁ።

እሑድ ጧት

ጣቢያው አጠገብ አልጋ ይዤ አድሬ ተመለስኩ። እማማ ጫልቱ ቁራጩን ቆዳ ጆንያ ላይ ሰፍተው፣ ጭድ ሞልተው፣ አዲስ ጥጃ ሠርተዋል። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ማናችንም ግን አልሳቅንም። ቡሬ አሸተተችው። ቀና አለች። እኔን አየችና አምቧ ብላ መጣች፤ እጅጌዬን መላስ ጀመረች።

እማማ ጫልቱ ሁለታችንንም አዩን።

"አንተ እያለህ ይሄን አትቀበለውም" አሉ። "ነገ ደግሞ የለህም። ሂድልን ልጄ። ዞረህ እንዳታያት፤ ከተከተለችህ ሀዲዱ ላይ ነው የምትወጣው።"

ገመዷን ያዙ። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ። ከኋላዬ ጮኸች። እንደገና ጮኸች፤ ሦስተኛው ከሁሉም ይረዝማል። ሥራዬ እንስሳ ማየት ነው፤ እሷን ግን ላይ አልቻልኩም። መንገዱን ብቻ እያየሁ ሀዲዱን ተሻገርኩ።

ጩኸቱ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ጆሮዬን አቀናሁ፤ የሚሰማ ነገር የለም። 

ከሩቅ የእማማ ጫልቱ ድምፅ መጣ። "ለቀቀች! ልጄ፣ ወተቱን ለቀቀች!"

እጄን ወደ ላይ አንስቼ አውለበለብኩ። አልዞርኩም።