የሳንሱሲዋ ጥንዚዛ

ጥንዚዛዋ ቆንጆ ነበረች፤ አልክድም። ጥቁር ጀርባዋ ላይ ቀይ መቀነት ሁለት ጊዜ የታሰረላት ትመስላለች። አደይ አበባ ላይ ተቀምጣ ትበላለች፤ ሰው ሲመጣባት እንኳ አትሸሽም። ያኔ ምን ተማምና ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

እኔና ጓደኛዬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን፣ ውጤት ሳይመጣልን ኮልፌ ቤት ቁጭ ብለናል። እኔ ደግሞ ቤት መቀመጥ ያሳብደኛል። ሁለታችንም አረብ አገር ለመሄድ ተመዝግበን ፓስፖርት አውጥተናል። የቀረን የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። እማዬ ክረምቱን ሙሉ "አትሄጂም" ስትል ከርማ መስከረም ሲጠባ ዝም አለች። እሺ ያለች መሰለኝ።

ቀኝ እጄ ጀርባ ላይ አንድ ትልቅ ኪንታሮት ነበረብኝ፤ ጣቶቼም ላይ ጥቃቅን ነበሩ።

"አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ እጅሽ ነው ሜዲካል የምታልፊው?" አለችኝ ጓደኛዬ። "የሰው ልጅ ልታበይ እኮ ነው የምትሄጂው። ገና ሲያዩሽ ነው የሚጥሉሽ።"

"ታዲያ ልቁረጠው?"

"የገጠር መድኃኒት አለ። ነገ ሳንሱሲ እንሄዳለን።"

ምርመራው ስድስት ቀን ሲቀረው ከተማው ዳር ድረስ በታክሲ ሄድን። ከሰፈሩ ወዲያ ያለው መስክ ቢጫ ሆኗል። ጓደኛዬ እጇን በፌስታል ጠቅልላ አንዷን ጥንዚዛ ያዘች።

"እንዴ፣ ፈራሻት?" ብዬ ሳቅኩባት።

"ትል ነገር አልወድም።"

ጫን ስታደርጋት ከእግሯ መጋጠሚያ ዘይት የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። "ትንሽ ብቻ፣ ትልቁ ላይ" አለችኝ። እኔ ትንሽ የሚባል ነገር አላውቅም። ምንም ስላላቃጠለኝ ሌሎች ሦስት ራሴ ይዤ ጣቶቼን ሁሉ ለቀለቅኳቸው።

ጠዋት ስነሳ እጄ የእኔ አልነበረም። ከጣቶቼ እስከ አንጓዬ ውሃ ቋጥሯል፤ አንዳንዱ የእንቁላል አስኳል ያክላል። እማዬ ስታየው ጮኸች። የሆነውን ነገርኳት። ጥንዚዛዋን ከነዘሯ ረገመቻት። አምስት ቀን ሙሉ እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ለብ ባለ ውሃ አጠበችልኝ፤ እፍ አለችበት፤ በእጇ አጎረሰችኝ። እኔም በየጉርሻው "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ" እላለሁ።

በምርመራው ቀን ሐኪሙ ጓንት አድርጎ እንኳ ሊነካኝ አልፈለገም። የቆዳ በሽታ ብሎ ጻፈ። ስለ ጥንዚዛ ላስረዳው ስጀምር "ቀጣይ!" ብሎ ተጣራ። ጓደኛዬ አለፈች፤ ከጥምቀት በኋላ ሄደች። እኔ ቀረሁ። እጄ ዳነ፤ ቆዳው ግን እስከ ዛሬ ዥጉርጉር ነው።

በቀደም ጓደኛዬ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ።

"ስሚ፣ ከሆዴ አልወጣ ስላለ ነው። የጥንዚዛዋን ነገር እናትሽ ናቸው የነገሩኝ። ጎጃም እያሉ ያውቋታል። ከሳር ጋር የበላቻት ከብት ደም ትሸናለች አሉኝ። ልጄን አስቀሪልኝ ብለው እግሬ ላይ ወደቁ። ምን ላድርግ? ለእኔ የወደቀልኝ የለም። ታድለሻል አንቺ።"

ታድለሻል! ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት።

እማዬ ግቢ ውስጥ ሳፋ አስቀምጣ ልብስ እያጠበች ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩላት። እስኪያልቅ ቀና አላለችም።

"አንድ ጠብታ ነው ያልኳት" አለች። "እጅሽን ሙሉ የነከርሽው አንቺ ነሽ።"

"ስታጥቢኝስ? ጥንዚዛዋን ስትረግሚስ?"

"እሱ የእውነቴን ነው።"

"እንዴት ነው የእውነትሽን የሚሆነው?"

"የላይ ቤቷ ልጅ ከዚያ አገር እንዴት ሆና እንደተመለሰች አይተሻል። ስሟን ስትጠሪያት ትሰማለች? ለእኔ ዥጉርጉር እጅ ይሻለኛል።" አንሶላዬን ከሳፋው አውጥታ መጭመቅ ጀመረች። "ደሞም አልጸጸትም።"

ፓስፖርቴን ብትቀደው ይሻለኝ ነበር። በር ላይ ተኝታ ተራምደሽኝ ሂጂ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እንጣላ ነበር፤ ቢያንስ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ አውቅ ነበር። ጓደኛዬን ልሰድባት ስልኬን አንስቼ ተውኩት፤ እሷ የተላከች ናት። ያቃጠለኝ ያ ሁሉ ምስጋና ነው። እጄን ላቃጠለው እጅ አምስት ቀን ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ ብያለሁ፤ እማዬም አሜን እያለች ተቀብላኛለች።

የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዤ አብሬያት ጨመቅኩ። ምን ላድርግ፣ ሰፊ ልብስ ለብቻ አይጨመቅም።

አረብ አገር ለመሄድ ሌላ ቦታ ተመዝግቤአለሁ። ምርመራው ማክሰኞ ነው። ለእማዬ ሐሙስ ነው ብያታለሁ።