አርሊን ለባሏ ጀርባ ያሠራችው ሞተር

አርሊን ቱርስታድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዊስኮንሲን ኮረብታዎች መካከል የወተት ቦቴ ነድታለች። በበረዶም በጭቃም አንድ ቀን ወተት ደፍታ አታውቅም። ጡረታ በወጣች በሳምንቱ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዛች። ሞተር ሳይክል ብቻ ማለት ያንሰዋል፤ ግራና ቀኝ ሣጥን ያለው፣ ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው እንደ ሶፋ የተመቸ መደገፊያ ያለው፣ ቀለሙ የበሰለ ቼሪ የመሰለ፣ አገር ለአገር የሚያዞር ጉድ ነው። የስልሳ ሁለት ዓመቷ ሴትዮ ጋራዧ ውስጥ ገብታ ብቻዋን ስትስቅ ባሏ ሁለት ጊዜ ደርሶባታል።

ባሏ ዱዌይን አይብ ሠሪ ነበር። ሞተር መንዳት አይችልም፤ ሞክሮም አያውቅም። ነገር ግን ሃያ ስድስት ዓመት ከኋላዋ ተቀምጦ ያልዞረው አገር የለም። የመንደሩ ወንዶች "ሚስቱ አዝላው ትዞራለች" እያሉ ሲያሾፉበት፣ "እናንተን የሚያዝላችሁ ጠፍቶ ነው" ይላቸው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ጀርባውን ቀዶ ጥገና ተደረገ። አገገመ ተብሎ በአሮጌዋ ሞተር ሲወጡ አንድ ጉድጓድ ገቡና ኮረኮንቹን የሚያለዝበው ሞላ እስከ ታች ተቀመጠ። ዱዌይን ጮኸ፤ ሁለት ሳምንትም ከአልጋው አልተነሳ። ከዚያ ወዲህ፣ "አንቺ ንጂ፤ እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ እጄን አወዛውዝልሻለሁ" ብሎ ቁርጡን ነገራት። አርሊን አዲሷን ሞተር የገዛችው ይህን ቃሉን ልታሳጥፈው ነው። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ዱዌይን ከኋላዋ የሌለበት ጉዞ ጉዞ አይመስላትም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኮርሊስ ጋራዥ ስትሄድ ለጀርባ የሚመች ሞላ ልታዝ ነበር። ኮርሊስ ወሬ የማያበዛ፣ እጁ የተባረከ መካኒክ ነው። ችግሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ሰው አያጣም፤ ዶናት ይዞ የመጣ ሁሉ ደግሞ መካሪ ነው። የዚያ አገር ሞተረኛ ሕጉ አንድ ነው። አዲስ ሞተር የገዛ ሰው መጀመሪያ ማርሚታውን፣ ያን ድምፅ የሚያፍነውን የጭስ ማውጫ፣ ይቀይራል፣ ከዚያ ለማርሚታው ሲል የሞተሩን ኮምፒውተር ያስተካክላል፣ ሞላ የሚባለው ነገር ለሚመጣው ዓመት ይቆያል። የሚመጣው ዓመት ደግሞ መጥቶ አያውቅም።

"ሞላ?" አለ በክ፣ ጺሙ እምብርቱ ላይ የሚደርሰው የአርሊን የድሮ ጓደኛ፣ ዶናቱን እንኳ ሳይውጥ። "አርሊን በሞቴ፣ ይቺ ሞተር እኮ እንደ ስፌት መኪና ነው የምታንሾካሹከው! መጀመሪያ አፏን ክፈቺላት እንጂ!"

ይህን ብሎ የራሱን ሞተር አስነሳላት። ሞተሯ አገሳች። የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ አርሊንም ሳታስበው ሳቀች። ሞላ ልታዝ የሄደች ሴት ማርሚታ አዛ ተመለሰች። እርፍ!

ማርሚታው የተገጠመ ቀን ኮርሊስ ሞተሯን ባለችበት ጎማዋ ብቻ የሚሽከረከርበት ማሽን ላይ አሰራት፤ ላፕቶፑንም ሰክቶ ነዳጇን ከአዲሱ አተነፋፈሷ ጋር ሲያስማማ ዋለ። አርሊን ይዛት ወጥታ ጋዝ ስትሰጣት ከሥሯ ተፈተለከች። አርሊን ሄልሜቷ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። በየማሳው ያለ ላም ሁሉ ቀና ብሎ አያት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ጡረታ የወጣች ሴት በበቆሎ ማሳ መሃል ጮቤ ትረግጣለች!

ቤት ስትደርስ ዱዌይን በረንዳው ላይ ሁለት ጆሮውን ይዞ ጠበቃት።

"ከአይብ ፋብሪካው ጀምሮ ሰምቼሻለሁ" አላት። "በጆሮዬ እንዳይመስልሽ፤ በጥርሴ ነው።"

"አያምርም?"

"ላንቺማ ያምራል። ያ ማርሚታ የሚጮኸው ግን ከኋላ በሚቀመጠው ሰው እግር ሥር ነው። ጀርባዬ አልበቃ ብሎሽ ጆሮዬንም ልጨምርልሽ?"

አርሊን ክው አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይሄ ነው። ልትመልሰው ያሰበችውን ሰው ጭራሽ አራቀችው። በራሷ ተናደደች፣ አፈረችም፣ በማግስቱም ተመልሳ ኮርሊስ ዘንድ ሄደች።

"ከሆዱ የሚናገር፣ ዝቅ ያለ ማርሚታ ግጠምልኝ" አለችው። "ቀጥሎ ሞላውን። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልልም።"

ኮርሊስ ወዲያው ሥራ ጀመረ። ማርሚታውን ቀየረ፣ ኮምፒውተሩንም እንደገና አስተካከለ። በክ ግን የተወገደውን ማርሚታ ታቅፎ እንደ ለቅሶ ቤት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"አሁን ሞላው" አለ ኮርሊስ አዲሱን ሞላ ገጥሞ ሲጨርስ። "እሱ በግምት አይሆንም። ነጂውም ተቀማጩም ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሣጥኑ ሞልቶ፣ ሲቀመጡባት ስንት ጣት ዝቅ እንደምትል መለካት አለብኝ። ዱዌይንን አምጪው።"

"አይመጣም።"

"እንግዲያው ልክ አይመጣም።"

አርሊን ሌሊቱን አስባ በማግስቱ አንድ መላ ይዛ መጣች። አራት ከረጢት የጥጃ መኖ፣ ልክ የዱዌይንን ክብደት የሚያህል፣ መደገፊያው ላይ አሰረች። እንዳይንሸራተትባትም የባሏን የቆዳ ጃኬት አለበሰችውና ዚፑን እስከ ላይ ዘጋችለት። በክ ሳቁ አላስቆመው አለ።

"አዲሱ ባልሽ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ወሬ አያበዛም!"

"አይበላም፣ እሱን ራሱን ጥጃ ይበላዋል እንጂ" አለች አርሊን።

በክ ፎቶ አነሳቸው። በዚያ አገር ፎቶ ከነፋስ ይፈጥናል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የዱዌይን ፒካፕ አቧራውን እያጨሰ በጋራዡ በር ገባ።

"ጃኬቴን አውልቂው!" አለ ገና ሳይወርድ። "አገር ምድሩ እየሳቀብኝ ነው! የጥጃ መኖ ነው እኔን የሚተካኝ?"

"በክብደት ልክ ነው" አለ ኮርሊስ ረጋ ብሎ። "ግን ከረጢት ጀርባ የለውም። ሲያመው አይነግረኝም።"

ዱዌይን ከፒካፑ ወረደ። ከረጢቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። አርሊን አንዲት ቃል ብትናገር ዞሮ እንደሚሄድ ታውቃለች።

"ለመለኪያ ብቻ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሞተሯም ቆማ። ተለክቼ እወርዳለሁ።"

"ተለክተህ ትወርዳለህ" አለች አርሊን።

ከረጢቱ ወርዶ አርሊን ከፊት፣ ዱዌይንም ጃኬቱን ለብሶ ከኋላ ተቀመጡ። ኮርሊስ በሜትሩ ከጎማው እምብርት እስከ ጭቃ መከላከያው ለካ፣ ሞላውን በቁልፍ አዞረ፣ ደግሞ ለካ። "ተነሱ። ተቀመጡ። ተነሱ።" ሰባት ጊዜ እንዲህ አደረጋቸው።

"መንገድ ላይ ካልታየ ግን ከንቱ ነው" አለ። "አምስት ደቂቃ ይበቃል።"

"አምስት!" አለ ዱዌይን ጣቶቹን ዘርግቶ። "ስድስት ካለች ኃላፊው አንተ ነህ!"

አርሊን ወተት ስትጭን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቃ ነድታ አታውቅም። ከመንደሩ መውጫ ያለው የባቡር ሐዲድ ሲቀርብ ፍጥነቷን ቀነሰች። ጎማዎቹ ሐዲዱን ረገጡ፤ ሞተሯ ዝቅ አለች፣ ከፍ አለች፣ አለፈች። ጩኸት የለም። ማርሚታው ለስላሳ ስለሆነ የዱዌይን ትንፋሽ እንኳ ይሰማታል።

"ዱዌይን?"

"አቤት?"

"አመመህ?"

"ምኑ?"

መታጠፊያው ላይ ደረሱና የግራውን መብራት አበራች።

"ወዴት ነው?" አላት።

"ወደ ጋራዥ። አምስት ደቂቃህ አለቀ።"

"ወደ ግራ ብትጠመዝዣት ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው!"

አርሊን መብራቱን አጥፍታ ቀጥታ ነዳች። ኮረብታውን ወጡ፣ ጠመዝማዛውን ወረዱ፣ እየሳቁ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ካለችው ከፕሬሪ ዱ ሺን ከተማ ገቡ። የተጠበሰ ዓሣ አዘው ሲበሉ ዱዌይን ስልኩን አወጣ።

"ኮርሊስ፣ እኔ ነኝ። አዎ፣ ጠፍተናል፣ አትጠብቀን። ስማ፣ የኋላው ሞላ ለኔ ትንሽ ይጠነክራል። ጠዋት ይዘናት ስንመጣ አንድ ዙር አላላልኝ። ነገ ራቅ ያለ ቦታ ነው የምንሄደው።"

አርሊን ሹካዋን አስቀመጠች። ነገ የት እንደሚሄዱ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ዱዌይን ስለ ነገ ሲያወራ ከሰማች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ዓሣው አፏ ውስጥ እንዳለ ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ መጣ፤ የትኛውን እንደምትጠርግ ግራ ገብቷት ሁለቱንም ተወቻቸው።