ፍሬን ፍለጋ ከቦሌ እስከ ኮተቤ

መነሻ፦ ቦሌ

ዋናው ጉዟችን ወደ ቁልቢ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ብርቄ፣ እኔ በሳንባ በሽታ ተኝቼ ከሞት በተረፍኩበት ዓመት ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ነበር። አንድ ዓመት የይለፍ ወረቀት ሳይደርስልን ቀረ፣ ሌላ ዓመት አውቶቡሱ ሞላ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጉልበቷ ደከመ። «ስለቴን ሳላገባ ብሞት በአንተ ነው» እያለች ስታስጨንቀኝ ከርማ፣ በደርግ ዘመን አጋማሽ ላይ አንድ የታኅሣሥ ወር መኪና ገዛሁላት። ለእኔ ገዛሁ ማለት ይከብደኛል። መኪናዋ ገና ከበሩ ሳትገባ የኋላውን ወንበር የያዘችው እሷ ናት።

መኪናዋ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ መሐንዲስ የተገዛች ጥቁር የጀርመን ሥሪት ነበረች። ወንበሯ ቆዳ ነው፣ የፊት ሰሌዳዋ የተወለወለ እንጨት ነው፣ በኋላ መስኮቶቿ ላይ ደግሞ ግራጫ መጋረጃ ተሰቅሏል። የመሐንዲሱ ሚስት ለሕፃን ልጇ ፀሐይ መከለያ ያሰፋችው ነው። እኔ በአንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምተረጉም ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ መኪና የእኔ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሰውዬው ለመሄድ ቸኩሎ ነበርና በርካሽ ለቀቀልኝ። እናቴ መጋረጃውን አውርዳ አጠበች፣ ተኮሰች፣ ጠርዙ ላይ ጥልፍ ጨመረችበትና መልሳ ሰቀለችው። ከመኪናው ሁሉ የወደደችው እሱን ነው።

ችግሩ ፍሬኑ ነበር። ስረግጠው ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ይመስል ሲጢጥ ይላል፣ ፔዳሉም ቀን በቀን ወደ ታች እየሰመጠ ሄደ። ወደ ቁልቢ ሲኬድ ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ መንገዱ ገደል ለገደል ነው። እናቴን ከኋላ አስቀምጬ በዚህ ፍሬን ያን መንገድ መንዳት አይታሰብም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ልወስዳት ተነሣሁ። እናቴም «እኔም እለምዳታለሁ» ብላ ነጠላዋን ለብሳ ከኋላ ገባችና መጋረጃውን ዘጋች።

ከበር ስወጣ ጎረቤታችን አቶ ግርማ አጥሩ ሥር ቆሞ አየሁት። ከአቶ ግርማ ጋር አጥር ተጋርተን ብዙ ዓመት ኖረናል፤ ጠዋት ጠዋት በቀልድ ሳይነካካኝ ወደ ሥራው አይሄድም ነበር። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ግን ጨዋታው ቀረ። የዚያን ዕለትም ኮፍያውን አውልቆ «እንደምን አደሩ» አለኝና ፊቱን አዞረ። እኔን አንቱ! በቅናት ነው ብዬ ተቀየምኩት።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ

መጀመሪያ የገባነው ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ ትልቅ ጋራዥ ነው። ገና ከበሩ ስንደርስ ሲስቁ የነበሩት ሠራተኞች ዝም አሉ። አንዱ ከመኪና ሥር ወጥቶ ወደ ጓሮ ሄደ፣ ሌላውም ተከተለው። ባለቤቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እየሮጠ መጣ።

«ደህና መጡ ጓድ፤ ምን እንታዘዝ?»

«ፍሬኑ ይጮኻል። ፔዳሉም ይሰምጣል፤ እስቲ ይፈተሽልኝ።»

ባለቤቱ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ክሪክ አላስመጣም፣ ካቻቢቴም አላነሣም።

«ምንም የለውም ጓድ። እንዲህ ያለ መኪና ምን ይሆናል? እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው።»

«ይጮኻል እኮ!»

«አዲስ ስለሆነብዎ ነው።»

ሒሳብ ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ብሎን ሳይፈታ መስተዋቴን አስጠርጎ ሸኘኝ። እውነቱን ለመናገር ግራ ገባኝ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም፤ ባለሙያው ደህና ነው ካለ ጆሮዬ ይሆናል የተበላሸው ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ። እናቴ ግን «ጨዋ ሰው ነው፤ አሮጊት መያዝህን አይቶ ነው ገንዘብ ያልተቀበለህ» አለችኝ።

ቀጥሎ ቤንዚን ለመቅዳት ቆምን። የኩፖን ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ማጠፊያ ድረስ ተጠማዟል። ጀርባ ልንይዝ ስንል ቀጂው በእጁ እየጠቆመ ወደ ፊት ጠራን። ከፊታችን ያሉት መኪናዎች አንድ በአንድ ጠጋ ጠጋ እያሉ ለቀቁልን። በአዲስ አበባ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ሳይሰዳደብ ተራውን የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ታክሲ ነጂ ዓይኔን ላለማየት መሪው ላይ ያለ ቆሻሻ በጥፍሩ ይፍቅ ነበር። አፈርኩ። ደስም ብሎኛል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም እንጂ።

«አየህ?» አለች እናቴ ከመጋረጃው ኋላ። «ሰው ዛሬም አክብሮት አለው።»

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ

ሌላ መካኒክ ፍለጋ በመገናኛ አድርገን ላምበረት ስንደርስ ኬላው ላይ ያለው ጠመንጃ ያዥ ገመዱን ቶሎ ጣለና ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ወረቀቴን ላወጣ እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር፤ እንደከተትኩ አለፍኩ።

ላምበረትን አልፎ ወደ ኮተቤ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ከፊታችን ቅጠልና ጭራሮ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው ይወርዱ ነበር። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉ ላይ ተኛ። እንደገና ረገጥኩ፤ ያው ነው። እናቴ «ገብርኤል! ገብርኤል!» ስትል ይሰማኛል። የእጅ ፍሬኑን ባለ በሌለ ጉልበቴ ጎትቼ መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዝኩ። መኪናዋ አንዷን አህያ ገፋ አድርጋ መንገድ ዳር በተከመረ አሸዋ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች።

ዘልዬ ወረድኩ። አህያዋ ደህና ናት፣ ጭነቷ ብቻ ተበትኗል። የአህዮቹ ባለቤት ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ አሁን ዱላውን ያነሣብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢያነሣ እውነት አለው። ሰውዬው ግን ዱላውን መሬት ጥሎ ጎንበስ አለ።

«ማሩኝ ጌታዬ! የእኔ ጥፋት ነው። እንስሳ ናቸው፣ አያውቁም።»

«ኧረ አባቴ፣ እኔ እኮ ነኝ ልገድልዎት የነበረው!»

«የለም፣ የለም፤ የእኔ ጥፋት ነው» እያለ የተበተነውን እንኳ ሳይለቅም አህዮቹን እየነዳ መንገድ ዳር ወዳለው ጫካ ገባ። ከኋላው ተጣራሁ፤ አልዞረም። አስፋልቱ ላይ ቆሜ አልቅስ አልቅስ አለኝ። ምን ሆነው ነው ሰዎቹ? ወይስ እኔ ነኝ የሆንኩት?

ኮተቤ፣ ጋሽ ወልዴ ጋ

መኪናዋን ወደ ኋላ ነድቼ ከአሸዋው አወጣኋትና በሞተር ጉልበትና በእጅ ፍሬን እያዘገምን፣ በቆርቆሮ ወደታጠረ አንድ ጋራዥ ገባን። ባለቤቱን ጋሽ ወልዴ ይሉታል፤ ወፍራም፣ ሽበታም ሰው ነው። እዚህም ሠራተኛው ሁሉ ተበተነ፤ ጋሽ ወልዴ ብቻውን ቀረ። የሆነውን ስነግረው ቁልቁል እያየ ሰማኝ።

«ፍሬኑ ደህና ነው ጓድ» አለኝ።

«እንዴት ደህና ይሆናል? አሁን ሰው ልገድል ነበር!»

«እንግዲያው መንገዱ ይሆናል።»

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ጮህኩበት። በጮህኩ ቁጥር ጋሽ ወልዴ እያነሰ፣ «እሺ ጓድ፣ ልክ ነዎት ጓድ» እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወደ መኪናዋ ግን አንድ እርምጃ አይጠጋም።

እናቴ ሙቀቱ በርትቶባት ይሁን ጩኸቴ፣ መጋረጃውን ገለጠችና በሩን ከፍታ አንገቷን አወጣች።

«የእኔ ልጅ፣ ምነው አገር ሰላም አይደለም? ጉንጭ ውኃ የለም እዚህ ቤት?»

ጋሽ ወልዴ እናቴን አየ፤ ነጠላዋን፣ በጨርቅ ያሰረችውን ጉልበቷን፣ በእጇ የያዘችውን ጭራ።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«እናቴ ናት።»

«መኪናው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«አንተስ... እርስዎስ ምንድን ነው ሥራዎ?»

«ደብዳቤ ተርጓሚ ነኝ።»

ጋሽ ወልዴ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ኧረ ሰውዬ! ነፍሴን ልታወጣት ነበር እኮ! ይህን መጋረጃ ምን ብለህ ሰቀልከው? ጥቁር መኪና በመጋረጃ ማን እንደሚነዳ አታውቅም?»

አውቃለሁ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔም ራሴ እንዲህ ያለች የባለሥልጣን መኪና ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። የራሴን ግን እንደዚያ አድርጌ አይቻት አላውቅም፤ ለእኔ መጋረጃው የእናቴ ጥልፍ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ሳቁ ሲበርድለት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብሮ አደጌ የነበረ መካኒክ የአንዱን ትልቅ ሰው መኪና ሠራ። መኪናው መንገድ ላይ ቆመ። አሻጥር ነው ተባለና ወሰዱት። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ስንቅ የሚያደርስበትን ቦታ አያውቅም። ካልነካሁት አልጠየቅም። አንተ ገደል ብትገባም ያልነካሁት መኪና ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «መጋረጃውን አውርድልኝና አሁኑኑ እከፍተዋለሁ።»

እናቴን እንዴት እንደምለምናት ሳስብ እሷ ቀድማኝ ጥልፏን ከመንጠቆው ላይ ትነቅል ጀመር። በመዳፏ ዳበሰችው፣ አጣጥፋም ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

መጋረጃው ሲወርድ ከየጥጉ ሰው ፈላ። ክሪክ መጣ፣ ጎማ ወለቀ። የፍሬን ዘይቱ ፈስሶ አልቋል፣ ዘይቱን የሚያግዱት ጎሚኒዎች ተበልተዋል፣ የፍሬን ሸራውም ብረት ለብረት እስኪፋጭ አልቋል። «በዚህ ነው ቁልቢ የምትወርደው?» እያለ ጋሽ ወልዴ እንደ ልጁ ተቆጣኝ። እነሱ ሲሠሩ እኛ ጾም ነውና አጠገቡ ካለች ምግብ ቤት ሽሮ በላን። ሲጨርስ የጠየቀኝ ዋጋ የሚያስደነግጥ ነበር፤ ተከራከርኩ፣ ተከራከረ። እንደዚያ ቀን በሒሳብ ክርክር ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መልስ

ላምበረት ላይ ያ የጠዋቱ ጠመንጃ ያዥ አላወቀንም። አስወረደን፣ ወረቀቴን ገልብጦ አየ፣ የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ አስከፈተ፣ የእናቴን ወንበር ሥር ሳይቀር በረበረ። «ጠዋት ያከበረኝ ልጅ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ። ወንበሯን መልሼ አስተካከልኩላት።

ከመገናኛ ወደ ገርጂ ታጥፈን በአፈሩ መንገድ ሄድን። ግራና ቀኙ የጤፍ ክምር ነው፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን ያልፋል። ፍሬኑን በየመቶ ሜትሩ እንዲያው ለሙከራ እረግጠዋለሁ፤ ይይዛል። እውነተኞቹ ባለመጋረጃዎችስ ፍሬናቸው ሲጮህ ማን ይነግራቸው ይሆን እያልኩ እነዳለሁ። የአህያው ባለቤት ፊት ግን አልጠፋልኝ አለ።

ቦሌ ስንደርስ አቶ ግርማ በሩ ላይ ነበር። ኮፍያውን ሊያወልቅ እጁን አነሣና የኋላውን መስኮት አየ። ደግሞ አየ። እጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ፍሬኗን አሠራሃት እንዴ?» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ከመጣች ጀምሮ ትጮህ አልነበር? የምተኛበት ክፍል እኮ እዚህ አጥሩ ሥር ነው። ጠዋት ስትወጣ፣ ማታ ስትገባ፣ ሁሌ እሰማታለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ ግርማ? እናቴን ይዤ እኮ ቁልቢ ልሄድ ነበር!»

ባዶውን መስኮት፣ ከዚያም ከመኪናዋ ለመውረድ የምትታገለውን እናቴን አየ። ሄዶ በሩን ያዘላትና ክንዷን ደግፎ አወረዳት። ከጉያዋ ብቅ ያለውን ጥልፍ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እኔም ልቆጣ ፈልጌ አቃተኝ። እሱን በቅናት ስጠረጥር ከርሜያለሁ፤ እሱ ደግሞ እኔን በምን ሲጠረጥር እንደከረመ አሁን ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ጉርብትና አንድ ሜትር ጨርቅ እንዴት እንደበለጠ ግን ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም።

«ነገ ስትወጣ አዳምጥልሃለሁ» አለኝ በመጨረሻ፣ እያየኝ ሳይሆን እናቴን እየደገፈ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት እናቴን ቤተ ክርስቲያን ላደርስ ስወጣ በሩ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ከአጥሩ ወዲያ መስኮት ሲከፈት ተሰማኝ።

«አልጮኸችም!» አለ የአቶ ግርማ ድምፅ። «ሂድ፣ አንተ ሰውዬ!»