«በቂ» ተብሎ የተጻፈበት ዳገት

ጵርስቅላ በቀን ለውሃ ብቻ ሁለት መቶ አርባ ብር ትከፍላለች። አሥር ጀሪካን ለሥራዋ፣ ሁለት ጀሪካን ለቤቷ፤ በአህያ ተጭኖ ዳገቱን የሚወጣው አንዱ ጀሪካን ሃያ ብር ነው። ሥራዋ አንሶላ ማጠብ ነው። ላምበረት መናኸሪያ ዙሪያ ካሉት ርካሽ አልጋ ቤቶች ከሁለቱ በየቀኑ ሃያ አንሶላ ትቀበልና አጥባ፣ አድርቃ፣ መብራት ካለ ተኩሳ ትመልሳለች። ለአንዱ ሃያ አምስት ብር ያስቡላታል፤ ሲደመር አምስት መቶ። ከዚያ ውሃው ይነሳለት። ስልሳ ብር ለዱቄት ሳሙና፣ ሃምሳ ብር ለባጃጅ፣ ሃምሳ ብር ለአምስት ዳቦ፣ ሰማንያ አምስት ብር ለሽንኩርት፣ ለዘይትና ለከሰል ይነሳለት። የቀረው አሥራ አምስት ብር ነው። የቤት ኪራዩ የባሏ የባፈና ድርሻ ነው። ባፈና ግንበኛ ነው፤ ሥራ ሲገኝ ይከፍላል፣ ሥራ ሲጠፋ ከአከራዩ ጋር ድብብቆሽ ይጫወታል።

«የቧንቧ ውሃ የላችሁም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አለ እንጂ! ቆጣሪ ያለው ቧንቧ ግቢያቸው መሃል ተተክሏል። ፈረቃቸው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሲደርስ ታች አስፋልቱ ዳር ያለው ሰው ምንጣፍ ያጥባል፤ ዳገቱ ላይ ያለው ቧንቧ ግን እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ሦስቴ ይስልና ተመልሶ ይተኛል።

አሁን የሌላ ሴት ቀን ከዚህች ሴት ቀን ጎን እናስቀምጥ። ማዕዶት ትባላለች፤ ከጵርስቅላ ጋር እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማሩት። ከስድስት ዓመት በፊት አግብታ ኖርዌይ ሄደች። እዚያ ደርሳ ምን ሥራ አገኘች ቢሉ፣ አንሶላ ማጠብ። የሆቴል አንሶላ።

«አንሶላ ለማጠብ ነው በአውሮፕላን የሄድሽው?» አለቻት ጵርስቅላ በመጀመሪያው የቪዲዮ ጥሪ። «እኔ እኮ ያንኑ ሥራ ያለ ፓስፖርት አገኘሁት!»

ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሥራው ግን በስም ብቻ ነበር አንድ የሆነው። የማዕዶት ማሽን ከጵርስቅላ ቤት ይሰፋል። ማዕዶት ወገቧን አሟት ሁለት ሳምንት ተኛች፣ ደሞዟ አልተነካም። ጵርስቅላ ትንሹን ልጇን ኤልቃናን በወለደች በአሥራ ስድስተኛው ቀን በርከክ ብላ አንሶላ ፈትጋለች። ይሄ ሁሉ ግን አላስገረማትም፤ ሀብታም አገር ነው፣ ይሁን። ያስገረማት ሌላ ነው።

«ለውሃ በወር ስንት ትከፍያለሽ?»

ማዕዶት አሰበች። «አላውቅም። ኪራዩ ውስጥ ነው መሰለኝ።»

«አላውቅም?»

«ጠይቄ አላውቅማ።»

ጵርስቅላ ስልኩን ዘግታ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። የውሃን ዋጋ ሳያውቁ ውሃ መጠጣት! የሰባት ዓመቷ ልጇ ባርኮት እንኳ ጀሪካኑ አሥራ አምስት ብር የነበረበትን፣ አሥራ ስምንት የገባበትን፣ ሃያ የሆነበትን ወር እንደ መዝሙር ትቆጥረዋለች።

ታዲያ ባለፈው ጥር ወሬ መጣ። አንድ ድርጅት ከወረዳው ጋር ሆኖ፣ ውሃ ለቸገራቸው ሁለት ሰፈሮች ትልልቅ ሮቶ ከነመቅጃው ሊተክል ነው፤ ቦቴ እየመጣ ይሞላዋል፣ ጀሪካኑ በሁለት ብር ይቀዳል። የታጩት ሰፈሮች አራት ናቸው፣ የሚመረጡትም በጥናት ነው። ጵርስቅላ ወዲያው በጣቷ ደመረች። ሁለት መቶ አርባው ሃያ አራት ሊሆን ነው። ከሚተርፈው ላይ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ያገለገለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይገዛል። ማሽን ማለት ደግሞ ሃያ አንሶላ አርባ ሆነ ማለት ነው፤ ባፈና ሥራ ቢያጣም ኪራይ ተከፈለ፣ ከአከራይ መደበቅ ቀረ ማለት ነው።

ጥናቱን የምትሠራው ልጅ ሀናን ትባላለች። ታብሌት ይዛ፣ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለች መጣች። ዳገቱ ላይ እንግዳ መጣ ሲባል የሚደረገው የታወቀ ነው። ቤት ይጠረጋል፣ የአልጋ ልብስ ይቀየራል፣ ጀሪካኑ ሁሉ መጋረጃ ጀርባ ይከተታል። ጵርስቅላም እንደዚያው አደረገች። ከጎረቤት ለስላሳ ተበድራ ከፈተችላት።

«የውሃ አቅርቦታችሁ እንዴት ነው?» አለች ሀናን።

«ተመስገን።»

«በቂ ነው?»

«ጌታ ይመስገን፣ ምን ጎደለብን! ጠጪ እንጂ፣ ለስላሳው ሞቀ እኮ።»

ሀናን «በቂ» የሚለውን በጣቷ ነካችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

እንግዲህ ይህን ስታነቡ «ምን ዓይነት ሞኝ ናት?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። ቤታችሁ የመጣ ሰው «እንዴት ናችሁ?» ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? ጎዶሎን ለባዳ መዘርዘር ቤትን ማዋረድ ነው ተብሎ ነው ያደግነው። ጵርስቅላ አልዋሸችም፤ እናቷ እንዳስተማረቻት መለሰች።

ሚያዝያ ላይ የተመረጡት ሰፈሮች ስም የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ዳገቱ የለበትም። ሰፈሩ ታመሰ። «ተበልቶበታል!» ያለው ብዙ ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ወልደሰንበት፣ የመንገድ ሥራ ፎርማን ሆነው ጡረታ የወጡት፣ «ድሮስ ለድሃ ማን ያስባል» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ጵርስቅላ ግን ማጣራት ይሻላል ብላ ኤልቃናን አዝላ ወረዳ ወረደች።

ጉዳዩን የያዙት አቶ ሂርጳ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው።

«እኛ ለምን ቀረን?» አለቻቸው።

«እናንተ ውሃ አላችሁ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እናንተው!» ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞሩላት። «ስልሳ አራት አባወራ ተጠየቀ። ሃምሳ ስምንቱ በቂ ነው ብሏል። ያንቺን ልፈልግልሽ?»

ፈለጉላት። ጵርስቅላ፣ የቤተሰብ ብዛት አራት፣ ውሃ በቂ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«አቶ ሂርጳ፣ እሱ እኮ ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም!»

«ታብሌቱ ሰላምታ አያውቅማ፣ የኔ እመቤት።» ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ስሚ። የቅሬታ ጊዜው እስከ ዓርብ ነው። ከግማሽ በላይ፣ ሠላሳ ሦስት አባወራ ማለት ነው፣ ስሙን ጽፎ ከፈረመ ጥናቱ ይደገማል። ሠላሳ ሁለት ከሆነ አይደገምም።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንሶላ እየጨመቀች ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ለማዕዶት ሁሉንም ነገረቻት።

«ተይው ባክሽ» አለች ማዕዶት። «እዚያ አገር አንቺ ትለወጪያለሽ እንጂ አገሩ አይለወጥም። ወደዚህ የምትመጪበትን መንገድ ብናፈላልግ ይሻላል።»

«አገሩ አይለወጥም አትበይኝ። ውሃው ዳገት አልወጣም በይኝ። ይሄ ሌላ፣ ያ ሌላ።»

ማዕዶት አንድ ነገር ትዝ አላት። እሷ ሰፈር ባለፈው ዓመት ቧንቧ ሊጠገን ውሃ ለሦስት ሰዓት ተቋርጦ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በስልክ መልእክት ይቅርታ ተጠየቁ፣ ቦቴም መጥቶ ቆመ። ያም ሆኖ አንዲት ጎረቤቷ፣ የሰማንያ ዓመት አሮጊት፣ ቦቴው ከደጃፌ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ቆመ ብለው አቤቱታ ጻፉ።

«ሁለት መቶ ሜትር! እኛ ሰፈር ቢሆኑ ነዝናዛ እንላቸው ነበር» አለች ጵርስቅላ።

«እዚህም ነዝናዛ ይሏቸዋል። ግን መልስ ጻፉላቸው። ከነይቅርታው።»

«ቆይ፣ ስለሞላላቸው ነው እንዲህ የሚነዘንዙት ወይስ ስለነዘነዙ ነው የሞላላቸው?»

«እኔ ምን አውቄ? አንሶላ አጣቢ ነኝ!»

ጵርስቅላ አልሳቀችም። እጇን አደረቀችና የባርኮትን ደብተር አንስታ ከመሃሉ ሁለት ወረቀት ገነጠለች።

ረቡዕንና ሐሙስን ከበር በር ዞረች። አንዱ «ስሜን ጽፌ ኋላ ምን ሊመጣ?» አላት። አንዷ «አንቺ ደግሞ ምክር ቤት ልትመረጪ ነው?» ብላ ጎነጠቻት። እሷ ግን እንደ አንሶላው ሁሉ ያልለቀቀውን ደግማ ደጋግማ አሸች። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሠላሳ ሁለት ስም ይዛለች። የቀሩት «ጋሼ ወልደሰንበት ከፈረሙ እንፈርማለን» ያሉት ናቸው።

እሳቸው ደግሞ ደጃፋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እንዴት አመሹ?»

«ተመስገን።»

«ይኸው ጀመሩ!»

«ምን ልበል ታዲያ? ልርገም? ነገርሽን ሰምቻለሁ። እኔ አልፈርምም ልጄ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

«ዝንብም አይገባበት፣ ውሃም አይገባበት!»

«በሰባ ሁለት ዓመቴ ቸገረኝ ብዬ ልፈርም? የድህነት ምስክር ወረቀት ልቀበል? ራጉኤልን ሳልለምን ሰው ልለምን?»

«ተመስገን ለእግዚአብሔር ነው ጋሼ፤ እኔም ማለቴን አልተውም። ቅጹ ግን የእግዚአብሔር አይደለም፣ የወረዳ ነው። ሁለቱን ስላደባለቅን ነው የተጠማነው።» በርከክ ብላ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መንገድ ሲሠሩ ሲሚንቶ ሲያልቅብዎት ምን ያደርጉ ነበር? ተመስገን ብለው ያለ ሲሚንቶ ድልድይ ያቆሙ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው! ሪፖርት አደርግ ነበር እንጂ።»

«ልመና ነበር?»

«ምን ልመና ነው? ሥራ ነው! ያላለቀውን አልቋል ያለ ፎርማን እኮ…» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ አቆሙ። ወረቀቱን አዩት፣ እሷን አዩዋት። «አንቺ ልጅ ጠበቃ ነበር መሆን የነበረብሽ።»

«አንሶላውን ማን ይጠብልኛል?»

እስክሪብቶ ከራሳቸው ኮት ኪስ አወጡ። ስማቸውን ጻፉ፣ ከሥሩ «የቀድሞ የመንገድ ሥራ ፎርማን» ብለው ጨመሩ፣ የገጹን ሩብ የያዘ ፊርማ አኖሩበት። በማግስቱ ጠዋት ሳትጠራው የመጣው ሰው ወረቀት አስጨረሳት። አቶ ሂርጳ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ሃምሳ አንድ ስም ነው።

ሀናን ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። በዚያ ቀን ዳገቱ ላይ የተጠረገ ቤት አልነበረም። ጀሪካኑ ሁሉ ደጅ ነው፤ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ አፉ በላስቲክ የተወተፈው። ጵርስቅላም እስከ ክንዷ አረፋ ሆና አገኘቻት።

«ውሃው በቂ ነው?»

«አይደለም።» ከአፏ ሲወጣ እሷንም ትንሽ አስደነገጣት። ከዚያ ቀጠለች፤ የጀሪካኑን ብዛት፣ ዋጋውን፣ አህያው ሳይመጣ የቀረበትን ቀን፣ ልጆቿ በውሃው ሳቢያ እየታመሙ ስንቴ ሐኪም ቤት እንደተመላለሱ። የሀናን ጣት ሊከተላት አልቻለም።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያኔ እንግዳ ነበርሽ። ዛሬ ለሥራ ነው የመጣሽው። ለስላሳም የለም!»

ማታውን ባፈና ራት ላይ ነገሩን አነሳው። «ተደግሞም እምቢ ቢሉስ?»

«ለክፍለ ከተማ እጽፋለሁ።»

«እዚያም እምቢ ቢሉ?»

«ከዚያ በላይ ላለው። ባፌ፣ ወረቀት ከውሃ ይረክሳል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

«አሁን ደግሞ ደጃዝማች ልትሆኚ ነው?» አለና ሁለተኛውን ዳቦ ገመሰላት።

ማዕዶትም በዚያው ሰሞን ደወለች። ስለ ቪዛ አላነሳችም። «የአሮጊቷን ደብዳቤ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ልላክልሽ ወይ?» ነው ያለቻት። ጵርስቅላ «ላኪው፣ አቶ ሂርጳ ያንብቡትና ሁለት መቶ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ይወቁ» ብላ መለሰችላት።

ይህ ሲጻፍ ውሳኔው ገና አልወጣም። የሚቀጥለው ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ በወረዳው አዳራሽ በይፋ ይነበባል። ጵርስቅላ የዚያን ቀን አንሶላ አልቀበልም ብላ ለሁለቱም አልጋ ቤቶች ነግራለች። ጽሑፉን አንብቤላት ስጨርስ «ከመጨረሻው ላይ የኔን አንድ ነገር ጨምሪልኝ» አለችኝ። ቃሏ ይኸው፦

«የዳገቱ ሰው የሆናችሁ፣ ማክሰኞ ኑና አብራችሁኝ ቁሙ፤ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ካለቀ በር ላይ ቁሙ። የሌላ ሰፈር ሰው የሆናችሁ ደግሞ፣ እናንተ ጋ የጎደለውን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ዛሬውኑ ጻፉና ለሚመለከተው ስጡ። መብራት ይሁን፣ መንገድ ይሁን፣ የልጆቻችሁ ክፍል ጣሪያ ይሁን። አደራችሁን፣ ከሥሩ ስማችሁን ከነአባታችሁ ጻፉበት።»