በገንዳ ውሃ ሐሩር የተሠራ ሹራብ

ሸሚዝ እንኳ በሚከብድበት በቆላዋ ከተማ በገንዳ ውሃ ሐሩር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አክስቴ የሱፍ ሹራብ ይሠሩ ነበር። ጎረቤታችን አዛውንት በሳቁባቸው ቁጥር አክስቴ «ደጋ ዘመድ የሌለው ይሳቅ» ይሏቸዋል።

ልኩን የሚሞክሩት በእኔ ላይ ነው። ላቤ እየወረደ ቆሜ፣ አንዷ ክር በመርፌያቸው ላይ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየሾለከች ጨርቅ ስትሆን አያለሁ። ደረቱን ሁሉንም በፊት በኩል እየሳቡ ልሙጥ ያደርጉታል፤ የእጅጌውን ጫፍ ግን እንዲለጠጥ ሁለት በፊት፣ ሁለት በኋላ እያፈራረቁ ይሠሩታል። አንድ ቀለበት ካመለጣቸው እስከዚያ ድረስ እየሳቁ ይፈቱታል። «አንዷን ዝም ካልሻት የታችኞቹ ሁሉ ይከተሏታል» ይሉኛል።

አክስቴ አርፈው በአርባቸው ዘመዶቻችን ከደጋ፣ ከዳባት መጡ። ሁሉም የእሳቸውን ሹራብ ለብሰው ላባቸው ይንጠፈጠፋል። «ኧረ አውልቁት» ብንላቸው፣ የአክስቴ ታናሽ ወንድም «እሷ ያለበሰችንን እሷው ቤት እናውልቅ?» አለ። ጎረቤታችን ውሃ እያደሉ ሳቁ፤ እኔም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ከዚያ ባዶውን በከረመው በአክስቴ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁና ጅምር ሹራባቸውን አነሳሁ።

«ልኩን በማን ላይ ልትሞክሪው ነው?» አሉኝ ጎረቤታችን።

«በእርስዎ ላይ ነዋ፤ እስቲ ይቁሙልኝ።»